የመዝገበ ሁለተኛ ዐይን

በአንድ ወቅት በጣና ዳር አንዲት ደብር ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራት ባላገሮቹ ይቀየሙኛል፤ ነገሩ እስከ ዛሬ አልበረደላቸውም። በዚያች ደብር አቅራቢያ መዝገበ የሚባል ንብ አርቢ ከሚስቱ ከአመተ ጽዮንና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ሰውየው ሀብታም የሚባል አልነበረም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ የሚሠራበት ሰም ከእሱ ቀፎ ስለሚወጣ፣ ካህናቱ ሲያልፍ ሲያገድም ደኅና አድርገው ሰላም ይሉት ነበር።

አንድ ክረምት ያኮሞ የሚባል ፈረንጅ ሠዓሊ ወባ ጥሎት ከመዝገበ ደጅ ላይ ወደቀ። ቬኒስ ከምትባል፣ ውሃ ላይ ተሠራች ከሚሏት ከተማ የመጣ ነው። አመተ ጽዮን አጥሚት እያጠጣች፣ መዝገበ ማር እያላሰ ክረምቱን ሙሉ አስታመሙት። መስከረም ሲጠባ ሰውየው ተነሥቶ ቆመና «ምን ላድርግላችሁ?» አለ። መዝገበ ለእመቤታችን ስለት ነበረበት። «እመቤቴን ሣልልኝ፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ እኔን» አለው። ሥዕል ያሣለ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ መሣሉ ያን ጊዜ ልማድ ነበር፤ ሥዕሉን የተሳለመ ሁሉ ስሙን በጸሎት እንዲያነሣለት ነው።

ያኮሞ ሰሌዳውን አሰናዳና ለቀለም መበጥበጫ የተልባ ዘይት ፈለገ። መንደሩ በሳቅ ወደቀ። «ተልባ በጾም ይበላል እንጂ ይቀባል እንዴ?» አሉ። ሁለተኛው ልጅ አብሳዲ ግን ተልባውን ወቅጦ፣ ዘይቱን ጨምቆ አቀረበ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ከፈረንጁ ጎን አልጠፋም። ታላቁ ላእከ እጁን አጣጥፎ ከሩቅ ያይ ነበር። ላእከ ከገዳም ሠዓሊዎች ዘንድ ሰባት ዓመት ተምሮ የመጣ፣ ቀለሙን በበሬ ቆዳ ሙጫ የሚያዋህድ፣ ዐይን ሲሥል ሰው የሚያስደነግጥ ልጅ ነው። ታናሺቱ ፍቅርተ ያን ጊዜ ገና ከእናቷ ቀሚስ ሥር አትርቅም ነበር።

ሥዕሉ ስምንት ወር ፈጀ። እንዲህ ያለ ነገር ባገሩ ታይቶ አያውቅም። የኛ ሠዓሊዎች እመቤታችንን ሲሥሉ ፊቷን ሙሉውን ወደኛ አዙረው፣ ዐይኗን አጉልተው፣ ዙሪያዋን በጥቁር መስመር ከበው፣ ቀዩን ቀይ ቢጫውን ቢጫ አድርገው ነው። ያኮሞ መስመር የሚባል ነገር አላሰመረም። ጉንጯ ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ እያለ ይገባል፤ የቱ ጋ እንደ ጨለመ ሰው በጣቱ ካልነካ አይለየውም። ሕፃኑ ጡት የጠገበ ሕፃን ነው፤ ክንዱ እጥፍ እጥፍ ይላል። ከኋላቸው በመስኮት አንድ መንገድ ይታያል፤ ተራሮቹም እየራቁ በሄዱ ቁጥር ሰማያዊ እየሆኑ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋሉ። አንድ ዲያቆን መንገዱ የት እንደሚደርስ ሊያይ ከሰሌዳው ጀርባ ዞሮ ነበር አሉ። ይኸኛው ውሸት ይመስለኛል።

የደብሩ አለቃ ዘወንጌል ሊያዩ መጡ። ቆመው ቆመው አዩትና በመጨረሻ ጠየቁ።

«ፊቷ ግማሹ ለምን ጠቆረ?»

«ጥላ ነው» አለ ያኮሞ።

«የብርሃን እናት ጥላ አላት?»

ሠዓሊው አሰበ። «ብርሃን ካለ ጥላ አለ፣ አባቴ።»

አለቃው ወደድኩትም ጠላሁትም ሳይሉ ወጡ።

መዝገበ ከሥዕሉ ግርጌ በስተ ግራ ተንበርክኳል። እጁን ዘርግቶ ወደ እመቤታችን ቀና ብሏልና የሚታየው በጎኑ ነው፤ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዐይን። በያኮሞ አገር ሥዕል ያሣለ ሰው እንዲህ ነው የሚሣለው፤ የሚጸልይ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካች ምን ያዞረዋል ብለው ነው። መዝገበ ሲያየው ሳቀ። «አፍንጫዬ ይህን ያህላል እንዴ?» አለ።

«ከዚህም ይበልጣል፤ አዝኖልህ ነው» አለችው አመተ ጽዮን።

ያኮሞ በግንቦት ወደ ምጽዋ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም። መዝገበን ደግሞ በሐምሌ የሦስት ቀን ትኩሳት ወሰደው። ኅዳር ሃያ አንድ ቀን፣ በጽዮን ማርያም፣ ሥዕሉ ተሰቅሎ መጋረጃው ሲገለጥ ሰውየው አፈር ከቀመሰ አራት ወር አልፎታል።

እልልታ ሲጠበቅ ጉምጉምታ መጣ። መቼም በኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ይሣላል፣ ከሐዲና ሰይጣን በጎኑ፣ ባንድ ዐይኑ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይሁዳን ከጴጥሮስ የሚለየው በዚህ ነው። አንዲት ባልቴት «ኧረ እመቤቴ! ይሁዳን ከእግርሽ ሥር ማን አስቀመጠው?» ብላ ጮኸች። አንዱ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ ተፋ፤ ምራቁ ከመዝገበ ጉልበት ላይ አረፈ። አመተ ጽዮን ከሴቶቹ መካከል ወጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እንባዋ አልመጣም፤ በጣም ነበር የተናደደችው።

አለቃ ዘወንጌል ክፉ ሰው አልነበሩም። መዝገበን ፈትተው የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ግን ሕዝቡ ሥዕሉን በድንጋይ ሊለው እንደሚችል አዩ። «እስከ ጥር ማርያም ሁለት ዐይን ይኑረው» አሉ። «ያለዚያ ሥዕሉ ይወርዳል። ሰው የሚተፋበትን ስም ደግሞ በጸሎት ልጠራ አልችልም።»

የአመተ ጽዮን ጭንቀት ግን ሌላ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችውም። በቅዳሴ ወንዶቹ በስተ ሰሜን፣ ሴቶቹ በስተ ደቡብ ይቆማሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከሴቶቹ መካከል ሆና በአሻጋሪ ስታየው የኖረችው ያንን አንድ ጎኑን ነው። ቤት ውስጥ ያለውማ መዝገበ ንብ የነደፈው፣ ጢስ ያጨናበሰው፣ «ወጡ ጨው አነሰው» የሚል መዝገበ ነው። እሱንም ትወደው ነበር፤ ሴት ባሏን ካልወደደች ማንን ትወዳለች። ነገር ግን ገና ያልተዳረች ጋሪዳ ሆና መጀመሪያ ልቧ የደነገጠለት፣ መቋሚያውን ተደግፎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚጸልየው፣ እንደምታየው የማያውቀው መዝገበ ያ ነበር። ያኮሞ ያንን እንዴት አወቀ? አላወቀም። የሣለው ያገሩን ልማድ ተከትሎ ነው። ቢሆንም ከሃያ ሁለት ዓመቱ እሁድ አንዱን ሰሌዳ ላይ አስቀመጠላት።

ታዲያ ልጆቹ ምን አደረጉ?

ላእከ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን ብሩሹን አነሣ። «አባቴ ስለቱን የሰጠው ሰው እንዲጸልይለት ነው» አለ። «ሰው ሲተፋበት ነፍሱ ምን ትላለች? እኔ እያለሁ አባቴ ይሁዳ አይባልም።» እናቱ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። «እማማ፣ ተቆጣሽ?» አላት። «አልተቆጣሁም፤ ሥራህን ሥራ» አለች። ቀጥሎ ታናሽ ወንድሙን ጠርቶ «የድሮውን ፊት ፍቀህ አውርድልኝ፤ እኔ እጄ አይችልም» አለው። አብሳዲ ሰሌዳውን ወስዶ፣ የፊቱን ቦታ በነጭ ለስኖ መለሰለት። ላእከም በነጩ ላይ አባቱን ባገሩ ሥርዓት ሣለው፤ ሙሉ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ፣ ሁለት ትላልቅ ዐይን ሰጥቶ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ያ ፊት ዐይኑን ሲያነሣብህ ያለፈው ኃጢአትህ ትዝ ይልህ ነበር። በጥር ማርያም፣ ያ የተፋበት ጎረምሳ ራሱ ተንበርክኮ ተሳለመው። ዓመት በዓመት ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው ለስለት ይመጣ ጀመር፤ መሐን ወለደች፣ የጠፋ በሬ ተገኘ ተባለ። የመዝገበ ስም አሥር ዓመት ሙሉ ከጸሎት ሳይወጣ ኖረ።

አብሳዲ ነገር የማያበዛ ልጅ ነው። ወንድሙ ፋቅ ሲለው «እሺ» አለ። አልፋቀም። በተልባ ዘይት የተሠራ ቀለም ከደረቀ በኋላ ውሃ እንደማይደፍረው ከያኮሞ አይቷል። ስለዚህ በአባቱ ፊት ላይ የሙጫ ውሃ ቀባ፣ በሙጫው ላይ ነጩን ለሰነና ለወንድሙ «ተሰናድቷል» ብሎ ሰጠው። ሙጫ በለብ ያለ ውሃ ይለቃል፤ የላእከም ቀለም በሙጫ ነው። ያን ቀን አባቱን ከጥፋት አዳነ። ያን ቀን ወንድሙን፣ አለቃውንና የሚሳለመውን ሕዝብ ሁሉ አታለለ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁል ጊዜ ላእከ «አባቴን እኮ በገዛ ቃሌ አስፋቅሁት» ብሎ ሲተክዝ እየሰማ ዝም ማለት ነበረበት፤ ይህ ዝምታ ከሁሉ ይልቅ አከሳው። እናቱም ሥዕሉን ለመሳለም ስትሄድ ዐይኗን መሬት ላይ ጥላ እንደምትመለስ ያይ ነበር። ቢሆንም አልተናገረም፤ ቢናገር ላእከ ራሱ እንዳይፍቀው ሰጋ።

አሥረኛው ዓመት ላይ የአመተ ጽዮን ዐይን በሞራ ይጋረድ ጀመር። መጀመሪያ የግራው ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቿ ከብበዋት ተቀምጠው ሳለ፣ ስታስበው የኖረችውን ድንገት አወጣችው።

«የላእከ ሥራ ያማረ ነው፤ እግዜር ይስጠው» አለች። «ግን እሱ የሁሉ አባት ነው። የኔ መዝገበ በጎኑ ነበር። ያንን ሳላይ ልታወር መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። አሁንማ አፍንጫው እንኳ ከሐሳቤ እየጠፋ ነው።»

አብሳዲ ተነሥቶ ቆመ፤ መልሶ ተቀመጠ።

«አለ» አለ።

«ምኑ?»

«ከሥር አለ፣ እማማ። አልፋቅሁትም።»

ላእከ ፊቱ ተለዋወጠ። «አሥር ዓመት? ስቅለት በመጣ ቁጥር በዚህ ኃጢአት ስሰግድ እያየኸኝ?»

«እያየሁህ» አለ አብሳዲ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ነበር። ቀኑ የራቀ መሰለኝ እንጂ።»

«እንግዲያው ክፈቱልኝ» አለች እናታቸው።

ላእከ «ሕዝቡስ?» አለ። «አምኖ የተሳለመው ሁሉ? የአባባ ጸሎትስ?» አብሳዲም አንገቱን ደፋ። «የደበቅሁት እንዲኖር ነው እንጂ የወንድሜን ሥራ እንዳፈርስ አይደለም። እኔ አልከፍተውም» አለ። እናታቸው ባንድ ዐይኗ እጇን ታይ ነበር።

ፍቅርተ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። እስካሁን ብዙም ያላነሣኋት እሷም ብዙ ስለማትናገር ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሴው ካለቀና ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ለብ ያለ ውሃ በእንስራ አዝላ፣ እናቷን በእጇ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። መጋረጃውን ገለጠች። ሻሿን ፈትታ በውሃው ነከረችና በወንድሟ ሥራ ላይ ለጠፈችው። ጠበቀች። እንደገና ነክራ ለጠፈች። መጀመሪያ ሁለቱ ትላልቅ ዐይኖች ቀለጡ፤ ፍቅርተ «አያ ላእከ፣ ማረኝ» እያለች ጠረገቻቸው። ከዚያ ነጩ ወረደ። ከዚያ ጆሮ መጣ፣ ከዚያ ጉንጭ፣ ከዚያ ያ አፍንጫ።

አመተ ጽዮን ጉንጯ ሰሌዳውን እስኪነካ ተጠጋች። ቀኙ ዐይኗ ገና ያያል። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከሥዕሉ ብርሃን ጋር ባንድ ወገን ስለነበር ሰውየው እዚያው ቆሞ የሚያስቀድስ ይመስል ነበር። ጆሮው ሥር ያለችውን፣ እሷ ረስታት የነበረችውን ጠባሳ አየች፤ ያኮሞ እሷንም አልዘለላትም። «ከንፈሩን እዪው» አለች። «ሊያንቀሳቅሰው ነው።» ያን ጊዜ አለቀሰች፤ አሥር ዓመት የተጠራቀመውን ሁሉ አለቀሰች። ፍቅርተ እስከ ሠርክ ጸሎት አላስቸኮለቻትም።

ለሠርክ የመጡት ካህናት አገኟቸው። ነገሩ ባንድ ጀንበር አገር ሞላ። ከሩቅ የመጡ ባለ ስለቶች ደጀ ሰላሙ ላይ «ዐይኑን አወጡት!» ብለው አለቀሱ፤ መሐን ሆና የወለደችው ሴት ልጇን ታቅፋ ስትጮህ ላእከ አይቷት ወደ ቤቱ ገብቶ ተኛ። አለቃ ዘወንጌል አርጅተው ነበር፤ ፍርዳቸውን ተቀምጠው ሰጡ። የእመቤታችን መልክ ያለበት ነውና ሰሌዳው አይቃጠል፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ፤ ወደ ቤተ ሰቡ ይመለስ። የመዝገበ ስም ከጸሎት ይቅር። ፍቅርተ አንድ ዓመት ከደጅ ቆማ ታስቀድስ። ፍቅርተ መሬት ስማ ተቀበለች። አመተ ጽዮን ግን ወደ ቤት ስትመለስ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ፤ ይንጫጩ!» አለች። ልጆቿ ከብዙ ዘመን በኋላ ስትሥቅ ሰሟት።

ሥዕሉ ጓዳ ውስጥ ከግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። እናቲቱ እስከ ጥምቀት አየችው። ከጥምቀት በኋላ ቀኙም ዐይኗ ጨለመ።

እንግዲህ ያቺ ሴት ዕድሜዋ ማለቁን ስታውቅ የነፍስ አባቷንና ሦስት ሽማግሌዎች አስጠራች። ከሰሌዳው በቀር የምታወርሰው ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። ሰሌዳ ደግሞ እንደ መሬት ለሦስት አይቆረስም። «ለማን እንደምሰጠው ሳልናገር አልሞትም» አለች። «መጀመሪያ ግን ብታገኙት ምን እንደምታደርጉት ንገሩኝ። እንዳታስደስቱኝ፤ እውነቱን ንገሩኝ።»

ላእከ ተነሣ። «ሁለት ዐይን እሰጠውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እመልሰዋለሁ። በዚህ ጊዜ የሥረኛውን ራሴው እፍቀዋለሁ፤ የሚደበቅ ነገር እስካለ ሰላም የለምና። አለቃው ይቀበሉኛል። የአባባ ስም እንደገና ይጠራል፤ ከሩቅ የሚመጣውም ሰው ባዶ ግድግዳ አይሳለምም። እማማ፣ እኔም ያንን አፍንጫ እወደዋለሁ። ግን አባባ ያሣለው ለኛ አይደለም፤ ለነፍሱ ነው።»

አብሳዲ ተቀምጦ መለሰ። «በሰም በተነከረ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረቅ ዋሻ ውስጥ አኖረዋለሁ። እኔም አላየው፣ ማንም አያየው። አንድ ዘመን ጥላ ጥላ መሆኑን፣ ጎን ጎን መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይመጣል። ያ ሰው አባባን ያገኘዋል።» «ባይመጣም ፊቱ አይጠፋም» ሲል ጨመረ።

ፍቅርተ ከእናቷ አጠገብ ነበረች። «እዚሁ ቤት እሰቅለዋለሁ» አለች። «ጢስ ያገኘዋል፤ አውቃለሁ። የልጆቼ ልጆች ላያዩት ይችላሉ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት እያየሁ፣ ዛሬ ብርሃኑ ጉንጩ ላይ ነው፣ ዛሬ ጆሮው ላይ ነው እያልኩ እነግርሻለሁ፤ አንቺ እስካለሽ። ካንቺ በኋላ ደግሞ እኔ አየዋለሁ። አባባ ሲሞት እኔ ልጅ ነበርኩ፤ እኔ የማውቀው አባት ይኸው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አመተ ጽዮን እጇን ወደ ሰሌዳው ዘርግታ፣ የተንበረከከው ሰው ያለበትን ስፍራ እስክታገኝ ዳበሰች። ጣቷ ሥር ልስላሴ እንጂ ፊት የለም፤ ያኮሞ በመስመር አልሣለምና የሚዳሰስ ነገር አልተወላትም።

«ሦስታችሁም ለአባታችሁ ብላችሁ ነው» አለች። «ሦስታችሁም በድላችሁኛል፤ ሦስታችሁም ክሳችሁኛል። ቅረቡ።»

ቀረቡ። አንድ ስም ጠራች።

የቱን ስም እንደ ሆነ ግን ሦስት መንደር ሦስት ዓይነት ያወራል፤ እያንዳንዱም በዚያ ቤት አያቴ ነበሩ ብሎ ይምላል። ሽማግሌዎቹ አልፈዋል፣ ሰሌዳውንም ያየ የለም። እኔ አንዱንም አላመንኩ። ስለዚህ ፍርዱን ለናንተ ትቼዋለሁ፤ ሳትቸኩሉ፣ የየአባታችሁን ፊት እያሰባችሁ ፍረዱ። የአባቱን ስም ከምራቅ አውጥቶ ጸሎት ላስገባው ለላእከ ነው? ወንድሙን ዋሽቶ ፊቱን አሥር ዓመት ላቆየው ለአብሳዲ? ወይስ የሁሉን አፍርሳ ለአንዲት ሴት ባሏን ላሳየችው ለፍቅርተ? ሰሌዳው የሚገባው ለማን ነው?